የመልስ ጨዋታ የሌለው ጉዞ

አዲስ አበባ ውስጥ «የጤና ቡድን» የሚባለውን ነገር የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም። ራሱ አባል ባይሆን ጎረቤቱ ነው፤ ጎረቤቱ ባይሆን የመሥሪያ ቤቱ ገንዘብ ያዥ ነው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስትን ያለፈ፣ አንዳንዶቹማ ሃምሳን የተሻገሩ ወንዶች እሑድ በማለዳ ተነስተው ኳስ ይጫወታሉ። ማሊያ አላቸው፤ ካፒቴን አላቸው፤ የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። ያረፈደ ይቀጣል፣ የቀረ በእጥፍ ይቀጣል፣ ዳኛ የተሳደበም ይቀጣል። ዳኛ የማይሳደብ ስለሌለ ካዝናው አይጎድልም።

ያ ሁሉ መዋጮና ቅጣት ዓመቱን ሙሉ ተጠራቅሞ የት ይገባል ቢባል መልሱ አንድ ነው፦ ጉዞ! ኮስትር ተከራይቶ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ መመለስ። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን የቡታጅራውን ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለኪስም ለወገብም ይመቻል። ደግሞ ክትፎ አለ። «ከጉራጌ አገር ኳስ ተጫውተን መጣን» ማለትና «ከጉራጌ አገር ክትፎ በልተን መጣን» ማለት፣ መቼም እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ብዙም አይራራቁም።

ልወቅስ ስለተነሳሁ መልካሙን አላየሁም ማለት አይደለም። ሹፌሩ የባንክ ሥራ አስኪያጁን «አንተ ሰውዬ፣ አቀብል እንጂ!» ብሎ የሚጮህበት ሌላ ቦታ በዚህ ከተማ የለም። አንዱ ሲታመም ሁሉም ይጠይቀዋል፤ አንዱ ሲያዝን ማሊያውን የለበሰ ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት በማይተዋወቅበት የኮንዶሚኒየም ዘመን የጤና ቡድን ዕድርም ዕቁብም ሆኖ ያገለግላል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄዬ ይህ ሁሉ ደግነት ኮስትር ላይ ሲወጣ የት ይቀራል የሚል ነው።

ከስሙ ልጀምር። ጤና ነው የሚለው። ሳምንቱን ሙሉ ወንበርና መሪ ላይ የከረመ ሰው ድንገት ተነስቶ እንደ ሃያ ዓመት ልጅ ቢሮጥ ለልብ አደጋ እንደሚጋለጥ ሐኪሞች ይነግሩናል። እኔ ግን አባል ሲመዘገብ የማሊያ ቁጥር ሲጠየቅ እንጂ የደም ግፊቱ ሲጠየቅ አላየሁም። በጉዞው ቀን ደግሞ በስምምነት ስልሳ ደቂቃ የተሮጠው ስድስት ሰዓት ተቀምጦ ይካካሳል። ቢራው አለ፤ ጥሬው አለ፤ ለሚፈልግም አረቄው አለ። ቦርጭ ሄዶ ቦርጭ ይመለሳል፤ አንዳንዴም ጨምሮ።

ስሙ ቡታጅራ ላይ ሲሆን ደግሞ የባሰ ይገርማል። ቡታጅራ ማለት እኮ በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ስሟ የሚነሳ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ1986 ሲጀምር፣ መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን መመዝገብ ያዙ። ይህን ለዓመታት ሳይሰለቹ ሠሩት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በዚያው አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ አዋቂዎች ስለ አእምሮ ጤንነታቸው ተጠይቀዋል። ከፍተኛ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸውም ለዓመታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ያኛው የጤና ቡድን በር አንኳኩቶ «እዚህ ቤት ስንት ሰው አለ? ማን ታመመ?» ይል ነበር። ይኼኛው የሚያንኳኳው አንድ በር ብቻ ነው፤ የክትፎ ቤቱን።

መንገዱስ ቢሆን? ከዓለምገና ተነስቶ ቡታጅራ እስኪደረስ የሰው ልጅ ታሪክ በግራ በቀኝ ተዘርግቷል። መልካ ቁንጥሬ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጢያ ትክል ድንጋዮች አሉ፤ እነሱማ ከ1980 ጀምሮ የተመዘገቡ ናቸው። በድንጋዮቹ ላይ ሰይፍና ሌላም ምልክት ተቀርጿል፤ ምን ለማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ ተፈትቶ አላለቀም። ቡታጅራ ከደረሱ በኋላም ሐረ ሸይጣን ሐይቅ ቅርብ ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ ድንጋይ የወረወረ ሁሉ ውሃው ውስጥ አይገባለትም ይባላል። ሞካሪው ግን አይጠፋም። ኮስትሩ ከእነዚህ አንዱም ጋ አይቆምም። የሚቆመው ለሁለት ነገር ነው፤ ለሽንትና ለማረቆ በርበሬ። በርበሬው ቤት ለቀረችው ሚስት ነው። ቅዳሜና እሑድን ከልጆች ጋር ብቻዋን ላሳለፈችበት የሚከፈል ካሳ መሆኑ ነው።

አንድ ጊዜ ከአንዱ ቡድን ጋር አብሬ ሄጄ ነበር፤ ተጫዋች ሆኜ ሳይሆን ዕቃ ጠባቂ ሆኜ። የቡታጅራዎቹ ተጋጣሚዎች መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። ከእኛ በፊት ደርሰው የሜዳውን ድንጋይ ለቅመዋል፤ መስመሩን በኖራ አስምረዋል፤ ዳኛ ፈልገው አምጥተዋል። የሰፈሩ ሕፃናት ከመስመር ውጭ ተደርድረው እየጮሁ የሚያጨበጭቡት ለማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ለሁሉም ነው። የኛዎቹ አራት ለአንድ ተሸነፉ፤ ጥፋቱንም ለሙቀቱ ሰጡት። ከጨዋታው በኋላ ባለሜዳዎቹ ቡና አስፈልተው ነበር። የኛ ሰዎች ግን ክትፎው ለሰባት ሰዓት ታዟል ብለው ቆመው አንዳንድ ስኒ ጨለጡ። ያኔ በዕድሜ ገፋ ያሉ አንድ መምህር ወደ ካፒቴኑ ጠጋ ብለው «ጌታዬ፣ እኛስ አዲስ አበባ መቼ ነው የምንመጣው?» አሉት።

ካፒቴኑ ሳቀ። ትከሻቸውን መታ መታ አደረገና «እንደዋወላለን!» አላቸው።

እንደዋወላለን! መዝገበ ቃላት ቢጠየቅ «አንዳችን ለአንዳችን ስልክ እንመታለን» ይላል። የአዲስ አበባ ሰው ግን ትርጉሙን ያውቀዋል፤ «አትጠብቁን» ማለት ነው። የክፍለ ሀገር ሰው ግን ቃልን እንደ ቃል ነው የሚሰማው። መምህሩ ስልካቸውን አውጥተው ቁጥር መዘገቡ።

እንግዲህ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። የኳስ ወጉ በሜዳህ ከተጫወትኩ በሜዳዬ ትጫወታለህ ነው። የአገራችንም ወግ ከዚህ አይለይም፤ ብድር በምድር ነው። ሠርግህን የበላ ሠርጉን ያበላሃል። ይህን ወግ መርሳት ደግሞ ከየትም አገር ይልቅ ጉራጌ አገር ላይ ያሳፍራል። ዕቁብ ሲባል ጉራጌን የማያስብ ማን አለ? የዕቁብ ምስጢሩ ተራ ነው። ዛሬ ላንተ ከወጣ ነገ ለእኔ ይወጣል፤ አንተም እስከ መጨረሻው ትጥላለህ። የመጀመሪያውን ዕጣ ወስዶ የተሰወረውን ሰው ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ፤ «ዕቁብ በልቶ ጠፋ» ነው የምንለው። በየዓመቱ ቡታጅራ ሄዶ ተጋብዞ፣ ተጫውቶ፣ ቡና ጠጥቶ «እንደዋወላለን» የሚል ቡድን ከዚህ በምን ይለያል?

በክፍያ ነው የበላነው ይባል ይሆናል። ለክትፎ ቤቱ ተከፍሏል፤ እውነት ነው። ኖራውን ላሰመሩት፣ ድንጋዩን ለለቀሙት፣ ቡናውን ላፈሉት ግን የተከፈለ የለም፤ እነሱም ገንዘብ አልጠየቁም። የጠየቁት ተራቸውን ነው።

በጉራጌ መንደሮች ጀፎረ የሚባል ነገር አለ። በሁለት ረድፍ በተሠሩ ቤቶች መካከል የተዘረጋ ሰፊ አረንጓዴ መስክ ነው። ልጆች ይጫወቱበታል፤ ሠርግና ለቅሶ ይውልበታል፤ ከብት ያልፍበታል። የማንም የግል አይደለም፤ ገፍቶ የሚያጥርበትንም ባህላዊው ሕግ፣ ቂጫው፣ ይቀጣዋል። ሜዳ የሁሉም ነው ብሎ ያደገ ሰው እንግዳ ሲመጣ ድንጋይ ለቅሞ ይጠብቃል። እኛስ? «አዲስ አበባ ሜዳ የለም» ነው መልሳችን። ግማሹ እውነት ነው፤ የልጅነታችን ሜዳዎች ብዙዎቹ ሕንፃ በቅሎባቸዋል። ግማሹ ግን ሰበብ ነው። በቅርብ ዓመታት ከኮሪደር ልማቱ ጋር የተሠሩ አነስተኛ ሜዳዎች አሉ። ደግሞ እኛ እሑድ እሑድ የምንጫወተው ሰማይ ላይ ነው እንዴ?

ኮስትሩ የሚፈስበት የዚያ አገር መንገድ ራሱ ትምህርት ቢሆነን ጥሩ ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ተደራጅተው፣ ገንዘብ እያዋጡ ወደ ትውልድ አገራቸው መንገድ ማውጣት ጀምረው ነበር። ዛሬም ለመስቀል አገሩ የሚገባ የጉራጌ ልጅ ባዶ እጁን አይገባም፤ ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም። መንገድ ማለት እነሱ ዘንድ መሄጃም መመለሻም ነው። እኛ መሄጃ ብቻ አደረግነው።

በሌላው ዓለምስ? በአውስትራሊያ የገጠር ከተሞች የራሳቸው ዓይነት እግር ኳስ አላቸው፤ ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ በእጅም ትያዛለች። ብዙዎቹ የገጠር ክለቦች የወንዶቹን ኳስና የሴቶቹን ኔትቦል በአንድ ስም የያዙ ናቸው። ቅዳሜ ሲመጣ ልጁም፣ እናቱም፣ አባቱም በየተራቸው ይጫወታሉ። ወደ ሌላ ከተማ ሲኬድ ቤተሰብ በሙሉ ይሄዳል፤ በሌላ ሳምንት ደግሞ እነዚያ ይመጣሉ። መላእክት ናቸው አልልም፤ ውድድሩ ሲያልቅ ወንዶቹ ብቻቸውን የሚሄዱት ጉዞ አላቸው፤ እሱም በመጠጥና በረብሻ ይታማል። ሰው የትም ሰው ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚያስተዳድራቸው ግን ተራው ነው።

የራሳችንም ሰዎች አሉ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1984 ሂውስተን ላይ የጀመሩት የኳስ ዝግጅት በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይኸው አርባ ዓመት አልፎታል። ኳሱን የሚያየው ይበዛል ወይስ እንጀራ የሚበላው ለሚለው ክርክር እኔ የለሁበትም። አንዱ ዓመት አስተናጋጅ የነበረ ከተማ በሚቀጥለው እንግዳ ይሆናል። እዚያ ባሕር ማዶ የያዝነውን ወግ እዚህ 130 ኪሎ ሜትር ላይ እንዴት አቃተን?

ወጪው ነው የሚል አይጠፋም። ሃያ ሰው ማስተናገድ በዛሬ ገበያ ቀልድ አይደለም፤ ይገባኛል። ግን ሃያ ሰው ሆቴል ይተኛ፣ ክትፎ ይብላ ያለ ማን ነው? አንድ ተጫዋች አንድ እንግዳ ቤቱ ይውሰድ። ተከላካይ ተከላካዩን፣ በረኛ በረኛውን። ሽሮ ይብላ፤ ሶፋ ላይ ይተኛ። እግረ መንገዱን ሆስፒታል ቀጠሮ የሚያሲዝ ይኖራል፤ ዩኒቨርሲቲ ያለች ልጁን አይቷት የሚመለስ ይኖራል። ቤት የዋለችው ሚስትም ባሏ ዓመቱን ሙሉ «ጓደኞቼ» የሚላቸው ሰዎች ምን እንደሚመስሉ ታያለች። እንዲያውም ባለቤቶቻችንና ልጆቻችን የሚጫወቱት ነገር ቢጨመርበት ጉዞው የእውነት የጤና ይሆናል።

ይህን ያህል ምን አከራከረህ፣ የቦርጫሞች ኳስ አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ከኳስ ያልፋል። ብዙው መንገድ እንደ ልብ በማይኬድበት ዘመን ላይ ነን። የአገራችንን ከተሞች ስም የምንሰማው በአብዛኛው አንድ ክፉ ነገር ሲደርስባቸው ነው። የቡታጅራን መምህር ቤቱ ያሳደረ ሰው የቡታጅራን ስም በዜና ሲሰማ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን ማንሳት ነው፤ «እንዴት ናችሁ? ልጆቹስ?» ብሎ። ክትፎ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ግን ለማን ይደውላል? ለክትፎ ቤቱ ነው?

ስለዚህ ለየጤና ቡድኑ ገንዘብ ያዦች አንድ ሐሳብ አለኝ። በመዝገባችሁ ላይ «ማሊያ»፣ «የዳኛ አበል»፣ «ጉዞ» ከሚሉት ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሩና «የመልስ ጨዋታ» በሉት። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፤ ጥቅምት ላይ ሜዳው ይደርቃል፤ ለማዋጣት ጊዜ አላችሁ። ዳኛ በመሳደብ የሚገኘው ብቻ ለኮስትሩ ኪራይ ሳይበቃ አይቀርም። ቀኑ ሲቆረጥ ግን «እንደዋወላለን» አትበሉ፤ ደውሉ።