ከማይክሮፎን በፊት እርሳስ

መጽሐፍ በድምፅ ለመቅረጽ የተነሣ አንድ ወጣት፣ ሰሞኑን፣ ጉሮሮዬን በማር ላርጥበው ወይስ በዝንጅብል ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ለብ ያለ ውሃ ይበቃሃል፤ ይልቅስ አስቀድመህ እርሳስህን ቅረጽ አልሁት።

በዚህ ነገር ከአንድ የሙያ ባልንጀራዬ ጋር ዘወትር እንከራከራለን። እርሱ፣ አስቀድሞ የተጠና ንባብ ሕይወት ያጣል፤ በትኩሱ አንብቦ ስሕተቱን በኋላ በኮምፒዩተር ቆርጦ መቀጠል ይሻላል ባይ ነው። ኮምፒዩተር ሳልን ቆርጦ እንደሚጥል አልክድም፤ ነገር ግን ፊደላችን ማጥበቅንና ማላላትን ስለማያሳይ፣ «ይበላል» ሲላላ በላተኛ የነበረው ሰው ሲጠብቅ ራሱ ተበልቶ ቢገኝ፣ ተራኪው ራሱ ካላወቀው ማን ያርመዋል? ደግሞም በአማርኛ ማሰሪያው ግሥ ከመጨረሻ ስለሚመጣ፣ መድረሻውን ሳያይ ረጅም ዓረፍተ ነገር የጀመረ ሰው ትንፋሹ ከመካከል ያልቅበታል። እኔ ስለዚህ ከግሡ ተነሥቼ ወደ ኋላ እመረምራለሁ፤ በሚጠብቀው ፊደል ላይ ነጥብ፣ ትንፋሽ በሚወሰድበት ስፍራ ጭረት አኖራለሁ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በድጓ መጻሕፍት ከንባቡ በላይ የሚታዩት የዜማ ምልክቶች፣ ይዘት፣ ድፋት፣ ቁርጥና ሂደት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩት የአዛዥ ጌራና የአዛዥ ራጉኤል ሥራ እንደ ሆኑ በሊቃውንቱ ዘንድ ይነገራል። የቤተ ክህነቱ ንባብ ቤትም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ዓይነቶች የማይለየውን ተማሪ አያሳልፍም። እኔን ንባብ ያስተማሩኝ የኔታ ዓይነ ሥውር ነበሩ፤ ነገር ግን ወዳቂውን አንሥቶ ያነበበውን ልጅ ከአጥር ማዶ ሆነው በስሙ ይጠሩት ነበር። የድምፅ አድማጭም ወረቀታችንንም ፊታችንንም አያይምና፣ ለእኔ ሁልጊዜ እርሳቸው ናቸው።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊታውራሪ መሸሻና ጉዱ ካሣ ከአንድ ጉሮሮ ተለያይተው ሲወጡ የሰማ ሁሉ ነገሩን ለተሰጥኦ ይሰጠዋል። በመጽሐፉ በዛብህ ቅኔ የተማረባት ዲማ የእኛው የጎጃም ምድር ናትና ትረካውን በቅናት ጭምር እሰማዋለሁ፤ ማን የት እንደሚተነፍስ አስቀድሞ ሳይወሰን ግን እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል ብሎ የሚያሳምነኝ የለም።

ስለ መቅረጫው ስፍራ ብዙ አልልም። ከዓባይ በረሃ አቀበቱን የሚወጡት ከባድ መኪኖች በሚያጓሩባት ደጀን፣ ሐምሌም ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ወራት፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ጸጥታውን መጠበቅ ግድ ነው። እኔ ግን ዝናቡ እስኪያባራ እርሳሴን ይዤ ስለምቀመጥ፣ ክረምቱ ከሥራ አያስፈታኝም።

ከዚህ ሙያ ሀብት አላፈራሁም። ያፈራሁት ነገር ቢኖር ሌላውን ሰው እስከ ማሰሪያው ድረስ ታግሦ መስማት ነው፤ ወጣት ሳለሁ በዓይኔ ብቻ ሮጬ ያለፍኋቸውን መጻሕፍትም ዛሬ አንብቤአቸዋለሁ ብዬ አልቈጥራቸውም።