ረኃብ ብቻውን አይመጣም
ስለ ዋርሶ ሐኪሞች መጽሐፍ የቀረበ ሂስ

በጦርነት ጊዜ የተከበበ ሕዝብ ምን ዓይነት በሽታ እንደሚገጥመው ለማወቅ የሚሻ ተማሪ፣ በዋርሶ ጌቶ የነበሩት አይሁዳውያን ሐኪሞች ስለ ረኃብ በሽታ ያዘጋጁትን መጽሐፍ ሳያነብ ሊያልፍ አይገባውም። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመኖች ጌቶውን በግንብ ከልለው የዘጉት በኖቬምበር 1940 ነው። በጥቂት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ስፍራ ውስጥ ከ400,000 የሚበልጥ ሰው ታጐረ፤ የተፈቀደለትም ቀለብ ነፍስን ለማቆየት የማይበቃ ነበር። በፌብሩዋሪ 1942 ዶክተር እስራኤል ሚሌይኮቭስኪ የሚመሯቸው 28 ሐኪሞች፣ ራሳቸውም እየተራቡ፣ የተራበውን ሰው ገላ መመርመር ጀመሩ። በጁላይ ሕዝቡን ወደ ትሬብሊንካ ማጋዝ ሲጀመር ምርመራው ተቋረጠ። ረቂቁ ግን በስውር ከጌቶው ወጥቶ በ1946 ታተመ፤ ከጸሐፊዎቹ የሚበዙት ይህን ለማየት አልታደሉም።

የመጽሐፉ ብርታት ጥንቃቄው ነው። በልቅሶ ቃል አይናገርም፤ የደም ግፊት እንደሚወርድ፣ የልብ ምት እንደሚዘገይ፣ ገላ እንደሚያብጥ እየለካ ይጽፋል። ሐኪሞቹ የረኃብን ጉዳት ለይተው ለማየት ሲሉ ሌላ በሽታ ያደረበትን ሰው በተቻለ መጠን ከጥናቱ አስቀርተዋል። ይህም ለሕክምና ምርምር ትክክለኛ መንገድ ነው።

ነገር ግን በሕዝብ ጤና ዓይን ስንመለከተው ጉድለቱም ከዚሁ ይጀምራል። በተከበበ ከተማ ረኃብ ብቻውን አይመጣም። ውሃና ሳሙና አጥቶ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ የሚያድር ሕዝብ ቅማል ይወረዋል፤ ቅማልም ተስቦን ያዛምታል። በዚያው ጌቶ ተስቦ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቷል። መጽሐፉ ራሱ፣ የተራቡ ሕፃናት ቆዳ ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መልስ መስጠት እንደሚያቆም ሲመዘግብ፣ ረኃብና ተላላፊ በሽታ ምን ያህል እንደተሳሰሩ ይጠቁማል፤ ሆኖም የጥናቱ አሠራር ይህን ዝምድና በሰፊው ለመከተል አልፈቀደለትም።

ሁለተኛው ጉድለት ስለ መከላከል ነው። በ1941 መጨረሻ ብርዱ ሲገባ ተስቦው ይብሳል ተብሎ ሲፈራ ቀነሰ። በ2020 የታተመ አንድ የሒሳብ ጥናት ምክንያቱ የነዋሪዎቹ የራሳቸው ጥረት ሳይሆን እንደማይቀር ያስረዳል፤ ይኸውም የንጽሕና ትምህርት፣ የሾርባ ማደያዎችና በሽተኛን ለይቶ ማቆየት ነው። እንግዲህ በአንድ ግንብ ውስጥ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፤ አንዱ ሞትን መለካት፣ ሌላው ሞትን መቀነስ። መጽሐፉ ያቈየልን በተለይ የፊተኛውን ነው።

ከዚህ የምንማረው ለተከበበ ሕዝብ እህል ብቻ መላክ ግማሽ ርዳታ መሆኑን ነው፤ ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙናና የጤና ትምህርት አብረው ሊገቡ ይገባል። ይሁን እንጂ ከተስቦ የተረፉት የጌቶው ሰዎች አብዛኞቹ በ1942 በትሬብሊንካ ተገድለዋል። የጤና ጥበቃ ለተከበበው ሕዝብ ጊዜ ይገዛለታል፤ ግንቡን የማፍረስ ግዴታ ግን በውጭ ባለው ሰው ላይ ይቀራል።