የሹሻን መሸታ ቤትና የእኛ በር

በዚህ እትም የምንመለከተው ዶክመንታሪ ፊልም «የድንበሮች ከተማ» ይባላል። ዩን ሱህ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣችው ነው። የሚናገረውም በኢየሩሳሌም ስለነበረ «ሹሻን» ስለሚባል የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መሸታ ቤት ነው። ርዕሱን አይታችሁ ገጹን ለመገልበጥ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ጥቂት ታገሡን፤ ነገሩ የልጆቻችን ነገር ነውና።

የቤቱ ባለቤት ሳዓር ነታንኤል በ2003 ለኢየሩሳሌም ከተማ ምክር ቤት ተመርጦ ነበር፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ መሆኑን ሳይደብቅ ለዚያ ወንበር የበቃ የመጀመሪያው ሰው ነው። በቤቱ ውስጥ አይሁዳዊውና ዓረቡ፣ ሃይማኖተኛውና ዓለማዊው ጎን ለጎን ይጠጣሉ። ወንዶች እንደ ሴት ለብሰውና ተኳኩለው ይጫወታሉ፣ ተመልካቹም ያጨበጭባል። አንድ ከራማላ የሚመጣ ወጣት እዚያ ለመድረስ በሌሊት አጥር ይሻገራል።

ይህን ስናይ የአገር ቤቱ ጠጅ ቤት ትዝ አለን። እዚያም ሀብታሙና ድሀው በአንድ አግዳሚ ተቀምጠው ብርሌያቸውን ያነሣሉ፤ አዝማሪውም ሁሉንም በእኩል ይሸነቁጣል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ጠጅ ቤት የሚሄድ ሰው ሲመሽ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከሹሻን እንግዶች ብዙዎቹ ግን ማንነታቸውን በገዛ ቤታቸው መናገር የማይችሉ ነበሩ።

የፊልሙ ብርታት አደጋውን ሳያጋንን ማሳየቱ ነው። በ2005 በኢየሩሳሌሙ ሰልፍ ላይ በስለት ከተወጉት ሦስት ሰዎች አንዱ በፊልሙ ውስጥ አለ። ያው ወጊ ከእስር በወጣ በሦስት ሳምንቱ፣ በ2015፣ ወደ ሰልፉ ተመልሶ ሺራ ባንኪ የተባለች የ16 ዓመት ልጅ ገደለ። ድክመቱ ደግሞ ካሜራው ወደ ግንቡና ወደ ፖለቲካው አብዝቶ መሮጡ ነው። ብቻውን መጥቶ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ሰው ረጋ ብለን እንድናይ አያደርገንም። ከዋነኞቹ ባለታሪኮች መካከልም ከማኅበረሰባችን የወጣ ሰው የለም። የእኛ ልጅ ግን በውጭ በቆዳው ቀለም ይፈተናል፣ በቤት ደግሞ ዝም ይላል።

የወላጆች ፍርሃት ከየት እንደመጣ እናውቃለን። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ይህን ግንኙነት ይቀጣል። በእስራኤል ግን ክልከላው በ1988 ተሽሯል፤ በ1992 ደግሞ በዚህ ምክንያት ሠራተኛን ማበላለጥ ተከልክሏል። ይሁን እንጂ ሕግ በራት ገበታ ላይ አይቀመጥም። እዚያ የምንቀመጠው እኛ ነን።

ሃይማኖታችሁን ተዉ ማለታችን አይደለም። የምንለው አባቶች እንደተናገሩት የእናት ሆድ ዥንጉርጉር መሆኑን ነው። ልጅ ምስጢሩን ሲነግራችሁ «ከቤቴ ውጣ» አትበሉት፤ በዚያች ሌሊት የሚሄድበትን አታውቁምና። ሹሻን እንኳ በ2007 ተዘግቷል። መሸታ ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል። በሮቫ ዩድ-አሌፍ ያለው የእናትና የአባት በር ግን እንዳይዘጋ አደራ እንላለን።

ፊልሙን ካገኛችሁት ከፍ ካሉት ልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት፤ ሲያልቅም መጀመሪያ እነርሱ ይናገሩ። ቸር ሰንብቱ።