ጆንያውን ማን ይዞታል?

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ ባልደረባዬ «ጋሼ፣ በመቶ መዝገብ ስሞክረው ይሠራል፤ በመቶ ሺህ ሲሆን ድርቅ ብሎ ይቀራል። ስህተት እንኳ አያሳይም» ብሎ መጣ። ፕሮግራሙ በፓይተን ነው፤ ልጅ ፕሮሰሱ ፋይል እያነበበ የጋራ ወረፋ ውስጥ ይከታል፣ ወላጁ እያወጣ ይመዘግባል። ኮዱን ሳላይ «ጆይንን ከጌት፣ ልጁ እስኪጨርስ መጠበቁን ከወረፋው ከማውጣቱ አስቀድመሃል» አልኩት። አስቀድሟል።

ብዙ ሰው ወረፋን እንደ ጎተራ ያየዋል። ለእኔ ቧንቧ ነው፤ በዚህ የሚያሳምነኝ የለም። ፑት ብለን ወረፋው ውስጥ የከተትነው ነገር መጀመሪያ እዚያው ላኪው ሜሞሪ ውስጥ ያርፋል፤ ከዚያ አንድ ትሬድ በፓይፕ ያሳልፈዋል። ሊኑክስ ላይ የፓይፑ መደበኛ አቅም 65,536 ባይት ነው። መቶ መዝገብ ይችላል፤ መቶ ሺህ ሲመጣ ይሞላና ትሬዱ ይቆማል። ላኪው ደግሞ የያዘውን ሳያራግፍ አይወጣም። ወላጁ ልጁ እስኪጨርስ፣ ልጁ ወላጁ እስኪቀበለው፣ ሁለቱም ቁጭ።

ይህን መጀመሪያ ያየሁት ወገል ጤና፣ ወፍጮ ቤት ነው። ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ እዚያ በ2000 ዓ.ም. ከመገኘቱ በፊት፣ የአገሩ ወሬ ገና ገብስና ምስር በነበረበት ጊዜ። እናቴ ገብስ በአህያ አስጭና ላከችኝ። ተራዬ ደርሶ እህሉ ከላይ ሲፈስ፣ ከታች ጆንያውን ያዝ ተባልኩ። እኔ ግን መውረጃው ላይ አስሬው ወጣሁ፤ ሲያልቅ ይጠሩኛል ብዬ። ጆንያው ሞላ፤ ዱቄቱ ታፈነ፤ ቺንጋው እየተንሸራተተ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጥፍቶ ጆሮዬን ይዞ አስገባኝ። ቤት ስደርስ እናቴ «አስፈጭ ብዬ ላክሁህ እንጂ ጠብቅ አልኩህ?» አለች።

አንድ ጓደኛዬ ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ታይምአውት ነው ይላል። አምስት ሰከንድ ጠብቆ ፕሮሰሱን መግደል መላ ከሆነ፣ እኔም ያን ቀን ዱቄቱን መሬት ላይ ባፈስሰው ይሻለኝ ነበር። ወረፋውን ኤምፕቲ፣ ባዶ ነህ ወይ ብሎ መጠየቅንም አልወድም፤ መልሱ እስኪደርስህ ሌላው አስገብቶበት ይሆናል። ላኪው ሲጨርስ የማብቂያ ምልክት ይላክ፤ ተቀባዩ ሦስት ከሆነም ሦስት ምልክት።

የሰው ኮድ ስመረምር ዛሬም መጀመሪያ የምፈልገው ከታች ጆንያውን የያዘውን ነው። እናቴ ሥራህ ምንድን ነው ስትለኝ «ያው ወፍጮ ቤት ነኝ» እላታለሁ፤ ትስቃለች።

ባልደረባዬ መጨረሻ ላይ ኖን የማብቂያ ምልክት ሆኖ እንዲላክ አድርጎ ጆይኑን ከጌቱ በታች አወረደው። መቶ ሺሁም መዝገብ ወጣ።