«ማይ ቡክ ላይቭ»፦ ስለ አንድ የፋይል ማከማቻ ዕቃ የቀረበ ሒስ

የፈተና ጥያቄው፣ የተማሪዎች ሮስተር፣ የትምህርት ዕቅዱ፣ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሳይቀር ዛሬ በኮምፒውተር ውስጥ ስለሚገኝ፣ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ዕለት ሁሉም አብሮ እንዳይጠፋ መምህሩ ሌላ ማከማቻ መሻቱ ተገቢ ነው። ዌስተርን ዲጂታል የተሰኘው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ ያቀረበው «ማይ ቡክ ላይቭ» ለዚሁ ችግር መፍትሔ እንዲሆን የተሠራ ዕቃ ነበር።

ዕቃው የወፍራም መጽሐፍ ቅርጽ ያለው፣ በውስጡ አንድ ሃርድ ዲስክ የያዘ ሣጥን ነው። በኬብል ከቤት ራውተር ጋር ይያያዝና በቤቱ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ይጠቀሙበታል፤ ባለቤቱም ርቆ ሳለ በኢንተርኔት አማካይነት ፋይሉን ሊያገኝ ይችላል። ሐሳቡ መልካም መሆኑን አልክድም።

ይሁን እንጂ ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚሁ ምቾቱ ላይ ነው። ወደ ውጭ የተከፈተ በር ዘበኛ ያሻዋል፤ ዘበኛው ደግሞ ኩባንያው በየጊዜው የሚልከው የፕሮግራም ማሻሻያ ነው። ለዚህ ዕቃ የመጨረሻው ማሻሻያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነበር። ሣጥኑ ግን በየቤቱ መሥራቱን ቀጠለ። በ2018 ከሩቅ ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችል ቀዳዳ ተገኘበት፤ የሚደፍን ማሻሻያ ግን አልወጣም።

በጁን 2021፣ ማለትም በሰኔ 2013 ዓ.ም.፣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ ባለቤቶች ፋይላቸውን ሲፈልጉ ሣጥኑን ባዶ ሆኖ አገኙት። ዕቃውን ከፋብሪካ እንደወጣ ወደነበረበት ሁኔታ የሚመልሰው ትእዛዝ ለካስ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ይፈጸም ኖሯል! የሚያስገርመው፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቁት መስመሮች በፕሮግራሙ ውስጥ ተጽፈው ነበር፤ ነገር ግን ማሽኑ እንዲዘላቸው ምልክት ተደርጎባቸዋል። ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው ስሕተቱ የገባው በኤፕሪል 2011 ፕሮግራሙ እንደገና ሲደራጅ ነው። ፕሮግራም መጻፍ የምትማሩ ተማሪዎች እነዚህን ጥቂት መስመሮች ልብ በሉ፤ ዐሥር ዓመት እንዲሁ ኖረዋል።

ኩባንያው ዕቃው ከኢንተርኔት እንዲነቀል መከረ፤ ኋላም የጠፋውን ፋይል ለማስመለስ ርዳታ አቀረበ። እኔ ግን ሻጭ ዕቃውን እስከ መቼ እንደሚጠብቀው በግልጽ ጽፎ መሸጥ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ጥፋቱን ሁሉ በኩባንያው ላይ መጫንም ትክክል አይደለም። ሣጥኑን ከገዛ በኋላ ዋናውን ፋይል ከኮምፒውተሩ ያጠፋ ባለቤት ካለ እሱም የጥፋቱ ተካፋይ ነው። ቅጂ የሚባለው ዋናው በሌላ ስፍራ ሲኖር ነው፤ አለዚያ ዕቃ ቦታ ለወጠ እንጂ አልተጠበቀም። ገበሬ እንኳ ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ ያስቀምጣል። ሁለት ዲስክ ያለው «ላይቭ ዱዎ»ም ቢሆን ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ እንዲሆኑ ሲደረግ ከብልሽት ያድናል እንጂ ከመደምሰስ አያድንም፤ ከአንዱ የተሰረዘው ከሌላውም ወዲያው ይሰረዛልና።

ለሮስተሬ የመረጥሁት ተራ ሃርድ ዲስክ ነው። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ይሰካል፣ ይገለበጥበታል፣ ተነቅሎ ወደ መሳቢያ ይገባል። ሌላው ቅጂ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።