ዘዬ የሌለው የጋራ ቋንቋ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት የጨዋታ ጉዳይ ነው። አራት ወይም አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡና አንዱ የጨዋታው መሪ ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹም አንዱ ጦረኛ፥ አንዱ አስማተኛ፥ አንዱ ሌባ ሆነው በየያዙት ሰው አፍ ይናገራሉ፤ ዕድላቸውንም ዳይስ በመጣል ይሞክራሉ። የዚህ ዐይነት ጨዋታ በኵር የሆነው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በጌሪ ጋይጋክስና በዴቭ አርነሰን ተደርሶ በአሜሪካ የታተመው በ1974 ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ጨዋታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በንግግር የሚካሄድ ስለሆነ፥ በዚያ ዓለም የሚኖሩት ሕዝቦች በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይመስለናል።

መጻሕፍቱ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ የመዝገብ መልስ ነው። ተጫዋቹ ስለያዘው ሰው በሚጽፍበት ወረቀት ላይ ጕልበቱንና መሣሪያውን እንደሚመዘግብ ቋንቋዎቹንም ይመዘግባል። የተመዘገበውን ቋንቋ ፈጽሞ ያውቃል፤ ያልተመዘገበውን ፈጽሞ አያውቅም። ግማሹን የሚሰማ፥ እየሰማ መመለስ የሚያቅተው፥ ወይም ቃሉን ይዞ ለዛውን የሳተ ሰው በዚያ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም። በ1970ዎቹ መጻሕፍት ደጎች የደጎች፥ ክፉዎችም የክፉዎች ቋንቋ ነበራቸው፤ ይህ በኋላ ስለ ቀረ አንከራከርበትም። በ2014 የወጣው የተጫዋቾች መምሪያ ስምንት የተለመዱና ስምንት ብርቅ የሆኑ ቋንቋዎችን ከዘረዘረ በኋላ፥ ከነዚህ አንዳንዶቹ ብዙ ዘዬዎች እንዳሏቸው ይናገራል። ለምሳሌ የሚያመጣው ግን የአየርን፥ የውሃን፥ የእሳትንና የምድርን ፍጡራን ነው፤ ወዲያውም የአንድ ቋንቋ ዘዬ ተናጋሪዎች እርስ በርሳቸው ይግባባሉ ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል።

የምንነቅፈው ይህን አዘጋግ ነው። የዘዬ ጉዳይ የሚጀምረው ሰዎቹ ከተግባቡ በኋላ ነውና። በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የተጻፈውን አንባቢ ያስታውሳል። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ «ሺቦሌት» እንዲል ያዙት ነበር፤ የኤፍሬም ሰው ግን «ሲቦሌት» ከማለት በቀር አልሆነለትም። ትእዛዙን አሳምሮ ሰምቷል፤ የሞተው በአንድ ፊደል ነው። ቋንቋቸው ፈጽሞ የተለያየ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ መፈተኛ ባላስፈለገም ነበር። በመምሪያው ሕግ ብንሄድ ግን ኤፍሬማዊው ቋንቋው ተመዝግቦለታልና በሰላም ይሻገራል።

በጨዋታው ዓለም ሁሉን የሚያገናኘው ቋንቋ «ኮመን»፥ ማለት «የጋራ» ይባላል። ይህ አሳብ በ1954 እና በ1955 ከታተመው «የቀለበቶች ጌታ» ከተባለው የቶልኪን ድርሰት የተወረሰ መሆኑ ግልጽ ይመስለናል። ቶልኪን በኦክስፎርድ የቋንቋ መምህር ስለ ነበረ የእርሱ የጋራ ቋንቋ ዘዬ ያለው ነው። በድርሰቱ መጨረሻ ባኖረው ማስታወሻ እንደሚያስረዳው፥ ያ ቋንቋ ለቅርብ ሰውና ለሚከበር ሰው የተለያየ አጠራር ነበረው፤ በሆቢቶቹ አገር ዘዬ ግን የአክብሮቱ አነጋገር ከዕለት ንግግር ጠፍቶ ነበር። ፒፒን የሚባለው ወጣት ሆቢት ወደ ጎንዶር ከተማ በደረሰ ጊዜ ገዢውን ዴነቶርን እንኳ ሳይቀር ሰውን ሁሉ በቅርብ አጠራር ይናገር ጀመር። አሽከሮቹ ተደነቁ፤ ነገሩም እንግዳው በአገሩ እጅግ ከፍ ያለ ሹም ነው የሚለውን ወሬ ሳያግዝ አልቀረም።

ይህን ለመረዳት እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። አገረ ገዢውን በአሽከሮቹ ፊት «አንተ» የሚል እንግዳ ወይ ባለጌ ነው ወይ ከገዢው የሚበልጥ ነው። ያሁኑ እንግሊዝኛ ግን ለትልቁም ለትንሹም አንድ ቃል ብቻ ስላለው፥ ቶልኪን ነገሩን በንግግሩ ውስጥ ለማሳየት ተቸግሮ በማስታወሻ አስረዳው። ጨዋታውን የደረሱት ሰዎችም የጋራ ቋንቋውን ስሙን ወስደው ማስታወሻውን ትተውታል።

ከዚህ የባሰው «ፎርጎተን ሪልምስ» በሚባለው የጨዋታ ዓለም ይገኛል። ይህን ዓለም የፈጠረው ካናዳዊው ኤድ ግሪንውድ ሲሆን ለጨዋታው የታተመው በ1987 ነው። በ2001 የወጣው መጽሐፍ ለየአገሩ የተለየ ቋንቋ መድቧልና ከሌሎቹ የተሻለ ነው። ስለ የጋራ ቋንቋ ሲናገር ግን፥ ቾንዳታን ከተባለ ቋንቋ በነጋዴዎች አፍ ተቃሎ የተወለደ፥ ከነባሮቹም ይልቅ ስሜትን ለመግለጽ የማይበቃ አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ ፍርድ የተሳሳተ ነው እንላለን። የገበያ ቋንቋ ድኻ የሚሆነው የማንም የቤት ቋንቋ ሳይሆን በቀረ ጊዜ ብቻ ነው። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ቶክ ፒሲን በ19ኛው መቶ ዓመት ከየአገሩ በተሰበሰቡ የእርሻ ሠራተኞች መካከል የተጀመረ የሥራ ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ በምክር ቤት ክርክር ይካሄድበታል፤ አፋቸውን የፈቱበት ልጆችም ብዙ ናቸው። እንደ ዋተርዲፕ ባለች የወደብ ከተማ ከሁለት ወገን የተጋቡ ሰዎች ልጆቻቸውን በምን ቋንቋ ያሳድጋሉ? ደግሞም በጠረጴዛው ዙሪያ የሚነገረው ፍቅር፥ የሚሞት ወዳጅ ኑዛዜ፥ የንጉሥ ፍርድ ሁሉ የሚነገረው በዚሁ «በማይበቃው» ቋንቋ ነው። ደራስያኑ የናቁት ቋንቋ ሥራቸውን ሁሉ ተሸክሞላቸዋል።

ጨዋታ ነውና ቢቀል ይሻላል የሚል መልስ እንደሚሰጠን እናውቃለን፤ ክፉ መልስም አይደለም። በየድንበሩ አስተርጓሚ ሲፈለግ ቢታደር ዘንዶው ሳይገጠም ይነጋል። ነገር ግን ዘዬ ከቋንቋ ይልቅ ርካሽ ነው። ማንንም አያስቆምም፤ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት እንግዳው አፉን ሲከፍት ከየት እንደመጣ ያውቅበታል፥ ዋጋውንም እንደዚያው ይጠራለታል።

በሌላው ጫፍ ያለውም አላረካንም። በ1975 «ኢምፓየር ኦቭ ዘ ፔታል ትሮን» የተባለውን ጨዋታ ያሳተመው ኤም ኤ አር ባርከር የክላማት ሕንዶችን ቋንቋና ኡርዱን ያጠና ምሁር ነበር። ጾልያኒ ለሚባለው ለፈጠረው ቋንቋ ሰዋስው ጽፎለታል፤ በዚያም ቋንቋ የሁለተኛ መደብ ተውላጠ ስሞች እንደ ተናጋሪውና እንደ ሰሚው ማዕርግ እጅግ ብዙ ናቸው። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ለጨዋታ የተሰበሰበን ሰው የሰዋስው ተማሪ ያደርገዋል። ከዚያ ሁሉ ተውላጠ ስም ይልቅ የፒፒን አንዲት ስሕተት ለጠረጴዛው ትበቃ ነበር።

ይህን ጨዋታ በአማርኛ ለመጫወት የሚነሣ ሰው ቢኖር ምርጫው በመጀመሪያው ምሽት ይገጥመዋል። የጨዋታው መሪ ንጉሡን ወክሎ ሲናገር አስማተኛውን «አንተ» ይበለው ወይስ «አንቱ»? ሺህ ዓመት የኖረችው የኤልፍ ሴት መልኳ የሃያ ዓመት ኮረዳ ቢሆን፥ ሽበታሙ ድዋርፍ «አንቺ» ይላታል ወይስ «እርስዎ»? እርሷስ ምን ትለዋለች? መምሪያው ይህን አይነግረውም፤ ዳይስም አይጣልበትም።