ወድቆ የተገኘውን ስልክ አትግዙት

በፈረንጆቹ ማርች 2010 አንድ ምሽት፣ ካሊፎርኒያ ሬድዉድ ሲቲ ውስጥ ጉርሜ ሃውስ ስታውት በሚባል የጀርመን ቢራ ቤት አንድ የአፕል መሐንዲስ ስልኩን ረስቶ ወጣ። ስልኩ ላይ ላዩን አይፎን 3ጂኤስ ይመስል ነበር። መሸፈኛው ሲወልቅ ግን ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ዙሪያው በብረት የታቀፈ፣ ከፊቱ ካሜራ ያለው፣ ገና ለገበያ ያልወጣ የሙከራ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ያገኘው ወጣት ጊዝሞዶ ለተባለው የቴክኖሎጂ ዜና አቅራቢ በ5,000 ዶላር ሸጠው። ኤፕሪል 19 ቀን ፎቶውና ዝርዝሩ ወጣ፤ በኋላ አይፎን 4 ተብሎ የተሸጠውን ስልክ ዓለም ቀድሞ አየው።

ከወጣት ሪፖርተሮች ጋር ስለ ሙያችን ስንነጋገር ይህን ታሪክ ደጋግሜ አነሣለሁ። ግማሾቹ “ደፋሮች ናቸው፣ ሰበር ዜና እንዲህ ነው የሚሠራው” ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ “የተሰረቀ ዕቃ ገዝተዋል፣ አበቃ” ይላሉ። እኔ የምፈልገው ሁለቱም ወገኖች ብሩ ከመቆጠሩ በፊት በነበረችው ሰዓት በአርታኢው ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ነው። ዕቃው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሻጩ ቆሟል፤ አንተ ካልገዛኸው ሌላ እንደሚገዛው ይነግርሃል። ምን ታደርጋለህ?

መጀመሪያ ሕጉን እንየው። የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 485 ባለቤቱን የሚያውቅበት ወይም ጠይቆ ሊደርስበት የሚችልበት መንገድ እያለው፣ ለመመለስ በቂ ጥረት ሳያደርግ የጠፋ ዕቃ ለራሱ ያደረገን ሰው ሌባ ይለዋል። አንቀጽ 496 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ይቀጣል። ስልኩ ከርቀት ተዘግቶ መረጃው ሳይጠፋ በፊት ያገኘው ሰው የመሐንዲሱን የፌስቡክ ገጽ አይቶበታል፤ ስለዚህ የማን እንደሆነ ያውቃል። ለአፕል ደውሎ የሚሰማው እንዳጣ ተነግሯል። ይሁን። ግን ቢራ ቤቱ ከቦታው አልተነሣም። የቤቱ ባለቤት መሐንዲሱ ስልኩን ፍለጋ ደጋግሞ ይደውል እንደነበር ለጋዜጠኞች ተናግረዋል። ለአስተናጋጁ አስረክቦ መሄድ ይበቃ ነበር።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው። ጋዜጠኛ ያገኘውን ነገር ማጣራት አለበት፤ ሥራው ነው። ጊዝሞዶዎችም ስልኩ የቻይና ኮፒ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ፈትተው ውስጡን አይተው የአፕል ስም በክፍሎቹ ላይ እንደሰፈረ አሳዩ። እንደ ማጣራት ሥራ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ስልኩ እውነተኛ ለመሆኑ የቀረበው እያንዳንዱ ማስረጃ የአፕል ንብረት ለመሆኑም ማስረጃ ነው። ዘገባው እየጠነከረ በሄደ ቁጥር “የማን እንደሆነ አናውቅም” የሚለው መከላከያ እየፈረሰ ይሄዳል። በቅንነት የሠራ ሪፖርተር በራሱ ጽሑፍ በራሱ ላይ ይመሰክራል። ይህ ችግር ዕቃውን አይቶ በጻፈ ሰው ላይ አይደርስም። የሚደርሰው ገንዘብ ከፍሎ በያዘው ሰው ላይ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ለሙያው አይመጥንም ብዬ አምናለሁ። የአፕል መሪ የነበረው ስቲቭ ጆብስ ስልኩን እንዲመልሱ ሲጠይቃቸው፣ የጊዝሞዶ አርታኢ ብራያን ላም የኩባንያው ንብረት መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ አለ። የአፕል ዋና የሕግ ኃላፊ ብሩስ ሰዌል ደብዳቤ ጻፈ፤ ደብዳቤው ራሱ ሌላ ዜና ሆኖ ወጣ፤ ስልኩም ተመለሰ። የሰው ዕቃ ይዞ “መጀመሪያ ፈርምልኝ” ማለት ዜና መሰብሰብ አይደለም፤ ድርድር ነው።

እንዲህም ሆኖ ፖሊስ ያደረገውን አልደግፍም። ኤፕሪል 23 ቀን ፍሪሞንት ከተማ የዘገባው አዘጋጅ የጄሰን ቼን ቤት በር ተሰብሮ ተበረበረ፤ ኮምፒውተሮቹ ተወሰዱ። የካሊፎርኒያ ሕግ ጋዜጠኛ ምንጩንና ያላተመውን ማስታወሻ እንዲሰጥ አያስገድድም፤ ለዚያ ዓይነቱ ነገር የብርበራ ማዘዣ እንዳይወጣም ይከለክላል። በጁላይ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ ጠይቆ ማዘዣው ተነሣ። ነገር ግን አስቡት፤ የአንድ ጋዜጠኛ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው የአንድ ስልክ ታሪክ ብቻ አይደለም። የሌሎች ምንጮች ስም አለ፤ ሥራውን የሚያጣ፣ ሊታሰር የሚችል ሰው መልእክት አለ። የዜና ክፍሎችን ከብርበራ የሚከላከለው የ1980ው የፌዴራል ሕግ ጋዜጠኛው ራሱ በወንጀሉ የሚጠረጠር ከሆነ የሚላላበት ቀዳዳ አለው። የተሰረቀ ዕቃ የገዛ አርታኢ ያንን ቀዳዳ በገዛ እጁ ይከፍታል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ደግሞ ስለ ስልኩ ምንም የማያውቁ ምንጮች ናቸው። ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ሳይገዙ መዘገብ ይቻላል ወይ ለሚለው መልሱ እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በዚያው በአፕል ላይ አለ። ኩባንያው አስትሮይድ የሚል የምሥጢር ስም ስለሰጠው ገና ያልወጣ የድምፅ መሣሪያ የሾለከ መረጃ በወጣ ጊዜ፣ ምንጮቹን ለማወቅ ፍርድ ቤት ሄዶ ነበር። በ2006 ኦግሬዲ በሚባለው መዝገብ የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለዘጋቢዎቹ ፈረደ፤ በኢንተርኔት ዜና የሚያወጡትም እንደ ማንኛውም ጋዜጠኛ የከለላው ተጠቃሚ ናቸው አለ። በዚያ ጉዳይ መረጃ እንጂ ዕቃ በማንም እጅ አልገባም። በ2010ም ቢሆን ተፎካካሪው ኢንጋጄት የስልኩን ፎቶዎች አውጥቷል፤ ስልኩን ግን አልገዛም።

“እንግሊዞቹስ?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2009 ዴይሊ ቴሌግራፍ የተባለው ጋዜጣቸው የፓርላማ አባላትን የወጪ ሰነዶች የያዘ ዲስክ ለማግኘት ከ100,000 ፓውንድ በላይ ከፍሏል። አፈ ጉባኤው ማይክል ማርቲን ሥልጣን ለቀቁ፤ የታሰሩ የምክር ቤት አባላትም ነበሩ፤ የለንደን ፖሊስ የመረጃውን መሹለክ እንደማይመረምር አስታወቀ። እኔ በዚያ ወንበር ብቀመጥ እከፍል ነበር ወይ? አዎ፣ እከፍል ነበር ብዬ አስባለሁ። ያ ሰነድ የግብር ከፋዩ ገንዘብ የት እንደገባ የሚናገር ነው፤ ፓርላማውም እንዳይወጣ በፍርድ ቤት ሲከራከር የቆየ ነው። የአፕል ስልክ ግን ጆብስ ራሱ ጁን 7 ቀን መድረክ ላይ አውጥቶ አሳየው። ሕዝቡ የተጠቀመው ሰባት ሳምንት ቀድሞ ማየቱን ብቻ ነው። ለሰባት ሳምንት ተብሎ ሕግ አይጣስም።

አሁን ሰዎች ብዙም ወደማያነሡት፣ እኔን ግን ከሁሉ በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ጊዝሞዶ ስልኩን የረሳውን መሐንዲስ ስሙን ከነፎቶው አወጣ። ለምን? ካሜራው፣ ባትሪው፣ ብረቱ ያለ እሱ ስምም ዜና ነበር። ስሙ ለአንባቢ የጨመረው አንዳች ነገር የለም፤ በሰውየው ላይ ግን ከሥራ ውጭ በአንድ ምሽት የሠራውን ስሕተት ዕድሜ ልኩን የሚከተለው አደረገበት። ባለሥልጣን አይደለም፤ ማንንም አልበደለም፤ ከሕዝብ የደበቀው ነገር የለም። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ማንም እንዲጽፈውም አልመክርም። ስለ 5,000 ዶላሩ የሚከራከር ጋዜጠኛ ሁሉ ስለዚህ ስም ቢከራከር ይሻል ነበር።

የሕግ ጉዳዩ በጥቂት ቃላት ያልቃል። በኦገስት 2011 የሳን ማቴዎ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ጊዝሞዶን እንደማይከስ አስታወቀ፤ ስልኩን ያገኘውንና ሽያጩን የረዳውን ሁለት ሰዎች ግን ከሰሰ። ሁለቱም ክሱን ሳይከራከሩ ቀርተው የአንድ ዓመት አመክሮ፣ 40 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና እያንዳንዳቸው ለአፕል 250 ዶላር ካሳ ተፈረደባቸው። ገዢው በነፃ ቀረ፣ ሻጮቹ ተቀጡ። ገንዘቡን ያቀረበ የዜና ክፍል ይህንም ማየት አለበት፤ ያንን ወጣት ወደ ፍርድ ቤት ከመሩት ነገሮች አንዱ የእሱ ብር ነው።

እንግዲህ ሻጩ ሲመጣ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ዕቃውን ከማየቴ በፊት የት፣ መቼና እንዴት እንዳገኘው እጠይቃለሁ፤ መልሱንም እጽፋለሁ። ዕቃው በእሱ እጅ እንዳለ አያለሁ እንጂ አልረከብም፣ አልፈታም። ለባለቤቱ ወይም ለፖሊስ እንዲያስረክብ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ በካሊፎርኒያ ዋጋው 100 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ለፖሊስ መሰጠት እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉም ይደነግጋል። ከዚያ ኩባንያው ዘንድ ደውዬ አስተያየት እጠይቃለሁ፤ በዓይኔ ያየሁትንም በራሴ ስም እጽፋለሁ። ሻጩ ሌላ ጋ እሄዳለሁ ካለ ይሂድ። ዜናው ያመልጠናል፤ ያምልጠን።

የዜና ክፍል የምትመሩ ባልደረቦቼ፣ ለዕቃም ሆነ ለሰነድ ገንዘብ የምትከፍሉበትንና የማትከፍሉበትን ሁኔታ ዛሬውኑ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ የተራ ሰውን ስም ስለማውጣትም አንድ አንቀጽ ጨምሩበት፤ ለሪፖርተሮቻችሁም አንብቡላቸው።